«በምንትያ?» ወይም ስለ ድንገት ጨዋታና ስለ አእምሮ ጤንነት

በአማርኛ ቋንቋችን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ አንድ ነገር አለ። እንግዳ ወደ ቤት ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ የቤቱ እመቤት «እስቲ ተጫወቱ እንጂ» ትለዋለች። ይህን ስትል ተነሥተህ ኳስ ምታ ወይም ገመድ ዝለል ማለቷ አይደለም፤ ተናገር፥ አውጋን፥ ዝም አትበል ማለቷ ነው። ለኳሱም ለወጉም ቃሉ አንድ ነው፤ ጨዋታ ይባላል። ይኸው ቃል ከትምህርት ቤት በር ሲደርስ ግን ክብሩን ያጣል። «ጨዋታ አቁሙ!» የሚለውን ትእዛዝ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደ ሰማሁት ቈጥሬ አልዘልቀውም። ጨዋ ልጅ ማለት ዝም የሚል ልጅ ነው፤ ጎበዝ ተማሪ ማለትም የተነገረውን ቃል በቃል የሚመልስ ነው የተባለ ይመስላል። እኔ በበኩሌ በዚህ አልስማማም። የማልስማማበትንም ምክንያት፥ ውድ ጓደኞቼ፥ የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፥ በትዕግሥት እንድትመለከቱልኝ እለምናለሁ።

አስቀድሜ የምናገርለትን ጨዋታ ለይቼ ላስታውቅ። ስለ ኳስ አልናገርም፤ ኳስ ጠበቃ አላጣም። በስልክ ስለሚጫወቱትም አይደለም። እኔ የምለው ሳይሰናዱ፥ ሳይጽፉና ሳያጠኑ፥ ሁለትም ሦስትም ሰዎች ፊት ለፊት ሆነው በአፍ የሚጫወቱትን ነው። ፈረንጆች ኢምፕሮቪዜሽን ይሉታል፤ እኔ በዚህ ጽሑፍ የድንገት ጨዋታ እለዋለሁ። የአገራችን ልጅ ይህን ስም ሰምቶ ባያውቅም ነገሩን ከዕቃቃ ጀምሮ ያውቀዋል። ዕቃቃ ሲጫወቱ አንዷ እናት፥ አንዱ አባት፥ አንዱ እንግዳ ይሆናል፤ ጭቃው ወጥ፥ ቅጠሉ እንጀራ ይሆናል፤ እንግዳውም ምን ብሎ እንደሚገባ ማንም አልጻፈለትም። በቡሄ ጊዜ ሆያ ሆዬ የሚያወርደው ልጅም እንዲሁ ነው። በሩን ከፍተው የወጡት ጋሼ ባለ ባርኔጣ ይሁኑ ወይም ባለ መነጽር፥ ውሻቸው ይጩኽ ወይም ይተኛ፥ አውራጁ ዓይኑ ያየውን ወዲያው ግጥም አድርጎ ካላሞገሰበት ሙልሙሉም ብሩም አይገኝም።

ከሁሉ ይልቅ የምወደው ግን እንካ ስላንትያን ነው። ሥርዐቱን የማያውቅ ቢኖር እነሆ። አንዱ «እንካ ስላንትያ!» ብሎ ይጀምራል። ሁለተኛው «በምንትያ?» ይላል። የፊተኛው አንድ ቃል ይጠራል፤ «በባቡር!» አለ እንበል። ሁለተኛው «ምን አለህ በባቡር?» ብሎ ይጠይቀዋል። ያን ጊዜ የፊተኛው ሳይዘገይ ቤት የሚመታ ስንኝ መመለስ አለበት። «ባቡሩ ጥሎህ ሄደ ጫማህን ስታሥር!» ካለ ሳቁ የርሱ ነው፤ ተራውም ወደ ሌላው ይዞራል። ይህችን ስንኝ አንድ የክፍል ጓደኛችን እስጢፋኖስ ባቡር ጣቢያ ላይ በሌላው ጓደኛችን ላይ ያወረዳት ናት፤ የተሰደበውም ልጅ እስከ ለገሐር ድረስ መልስ ሲፈልግ ከረመና ስንወርድ አገኘው። ምን እንዳለ ግን እዚህ አልጽፈውም፤ መጽሔቱን ወላጆች ያነቡታል።

ይህ ሁሉ የሚፈጸመው አምስት እስኪቈጠር ባለው ጊዜ ነው። በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ አእምሮ የሚሠራውን እስቲ እንዘርዝረው። የተጠራውን ቃል መድረሻ ፊደል ይይዛል፤ በዚያ ፊደል የሚያልቁ ቃላትን ከመዝገቡ ይፈልጋል፤ ካገኛቸውም ውስጥ ትርጉም የማይሰጡትን ይጥላል፤ ከቀሩት ደግሞ የሚያስቀውን እንጂ የሚያስቀይመውን አይመርጥም፤ ስንኙን በልክ ያደርገዋል፤ በመጨረሻም የባላጋራውን ፊት እያየ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል። የጂኦሜትሪ ጥያቄ እንኳ ይህን ያህል ነገር ባንድ ጊዜ አይጠይቀንም፤ ጊዜም ይሰጠናል።

የአንጎልን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት ይህን በመሣሪያ አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ቻርልስ ሊምና አለን ብራውን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ስድስት የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቾችን አንጎልን በሚያነሣው መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው፥ መጀመሪያ ያጠኑትን ዜማ፥ ኋላ ደግሞ በዚያው ቅጽበት ከልባቸው የሚያወጡትን እንዲጫወቱ አደረጉ። በድንገቱ ጨዋታ ጊዜ ከግንባራችን በስተኋላ ካለው ክፍል ወደ ጎንና ጎን ያለው፥ ማለት ራሳችንን የሚቈጣጠረውና «ተሳሳትህ፥ ተጠንቀቅ» የሚለው ወገን ሥራውን ቀነሰ፤ በመካከል ያለውና ከራስ አሳብ ጋር የተያያዘው ወገን ግን በረታ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በዐሥራ ሁለት ራፕ አቀንቃኞች ላይ ተመሳሳይ ምርመራ ተደርጎ የተገኘው ከዚህ ጋር ተቀራራቢ ነው። የእኛን አዝማሪ ማሲንቆውን አስቀምጦ እዚያ መሣሪያ ውስጥ ቢያስተኙት ምን ይታይ ይሆን እያልሁ ብዙ ጊዜ አስባለሁ፤ መቼም ዝም ብሎ የሚተኛላቸው አይመስለኝም።

አሁን ይህን ነገር ወደ ክፍላችን ላምጣው። አብዛኞቻችን የምናጠናው በሽምደዳ ነው። ሽምደዳ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ የማባዛት ሠንጠረዥን ማንም በድንገት አይፈጥረውም። ዳሩ ግን በሽምደዳ ብቻ የቆመ ዕውቀት አንዲት ጡብ ስትወጣ እንደሚናድ ግድግዳ ነው። ዘንድሮ በቋንቋ ክፍለ ጊዜ አንድ ጓደኛችን ንግግር ሊያደርግ ወጣ። ሁለት ገጽ ሙሉ አጥንቶ ነበር። ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ አንዲት ቃል ጠፋችበትና ቆመ፤ ላቡ መጣ፤ እጁም ተንቀጠቀጠ። ቃሉን ነው እንጂ ነገሩን አልረሳውም ነበር፤ ምክንያቱም በዕረፍት ጊዜ ያንኑ ጉዳይ ለእኔ በሳቅና በጨዋታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጫወተኝ። እንግዲህ ይህ ልጅ የጎደለው ዕውቀት ነውን? አይደለም። የጎደለው ሳይሰናዱ የመናገር ልምምድ ነው።

ስለ ፈተና ፍርሃት ሁላችንም እናውቃለን። በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን 3.3 በመቶ፥ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። እንካ ስላንትያ ቢጫወቱ ኖሮ ያልፉ ነበር የሚል ሞኝ አይደለሁም። የመጽሐፍና የላቦራቶሪ ጉድለት በግጥም አይሞላም። ነገር ግን እነዚህ ቍጥሮች በየቤቱ እራት ላይ ሲነሡ በእኛ በልጆቹ ሆድ ውስጥ የሚሆነውን እኛ እናውቀዋለን፤ የፈራ ሰው ደግሞ የሚያውቀውንም ይረሳል። ስለዚህ ፍርሃትን የሚቀንስ ነገር ሁሉ የትምህርት ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለዚህም ማስረጃ አለኝ። በአሜሪካ በዲትሮይት ከተማ በመካከለኛና በሁለተኛ ደረጃ የሚማሩ ልጆች ለዐሥር ሳምንት ያህል የድንገት ቴአትር ጨዋታ እንዲማሩ ተደርጎ፥ በሰው መካከል የመቆምና የመናገር ፍርሃታቸው እንደ ቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ይናገራል። በቀጠለውም ዓመት የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንዱን ወገን ለሃያ ደቂቃ ያህል የድንገት ጨዋታ፥ ሌላውን ወገን ተጽፎ የተሰጠውን ንግግር እንዲጫወት አድርገው አወዳደሯቸው። በድንገት የተጫወቱት ለአንድ ጥያቄ ብዙ ዓይነት መልስ በማፍለቅ፥ ያልታወቀ ነገር ሲመጣ ባለመደንገጥና በመንፈስ ደስታ በልጠው ተገኙ። ልብ በሉ፤ ሃያ ደቂቃ ነው። በሰልፍ ላይ ቆመን ማሳሰቢያ የምንሰማበት ጊዜ አንዳንድ ቀን ከዚህ ይረዝማል።

«ይህ የፈረንጅ ፈሊጥ ነው፤ የእኛ ሊቃውንት በጥብቅ ሥርዐት ነው የተማሩት» የሚል ሰው አይጠፋም። በእውነቱ ይህን ክርክር የሚያነሣ ሰው ቅኔ ቤትን ረስቶታል። የአብነት ተማሪ ዳዊቱንና ዜማውን በቃሉ ሲያጠና ኖሮ ቅኔ ቤት ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ የሌላውን ሰው ቅኔ ማነብነብ ዋጋ የለውም። ተማሪው ቀን ላይ ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ኋላም በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ከባለ ሁለት ቤቱ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ መወድስና ዕጣነ ሞገር ሲደርስ የሚነግረው ሁሉ አዲስ መሆን አለበት። በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን ቅኔ የሚያቀርበውም ሊቅ የዕለቱን ነገር ይዞ አዲስ ያፈልቃል እንጂ ያምናውን አይደግምም። በዋሸራና በጎንጅ፥ በዋድላም ይህ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል። እንግዲህ በሽምደዳ ብርታት የሚታወቀው የአገራችን ትምህርት ራሱ ከሽምደዳው በላይ ፈጠራን አስቀምጦ ሳለ፥ እኛ ሽምደዳውን ብቻ ወርሰን ቅኔውን የት ጣልነው?

ከቅኔ ቤት ወደ አዝማሪ ቤት መዝለሌን አንዳንድ ወላጆች እንደማይወዱልኝ አውቃለሁ። ቢሆንም የምንማርበት ሰፈር ካዛንቺስ ነውና ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። የካዛንቺስ ስም ራሱ ጣልያኖች በወረራው ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ይሠራላቸው ከነበረው ድርጅት ስም የመጣ ነው፤ ካዛ ኢንቺስ የሚለውን የሰፈሩ ሰው በአፉ አለስልሶ ካዛንቺስ አለው። ሰፈሩ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሆኖ ባንድ ጎኑ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ አለ፤ እዚያ ውስጥ አስተርጓሚዎች አንዱን ቋንቋ በጆሮ እየሰሙ በዚያው ቅጽበት ሌላውን በአፍ ይናገራሉ። በሰፈሩ ውስጥ ደግሞ አዝማሪ ቤቶች ነበሩ። ከነርሱም አንዱ የውዝዋዜው ባለሙያ መላኩ በላይ የመራው፥ ከአገር ውጭ ሳይቀር የታወቀው ፈንዲቃ ነው።

አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በእንግዶቹ መካከል ይዞራል። አንዱ እንግዳ «ተቀበል!» ይለውና አንድ ግጥም ይነግረዋል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በዜማው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ከራሱም ጨምሮ ለሌላው እንግዳ ይወረውረዋል። ስድቡ በምስጋና፥ ምስጋናው በስድብ ተሸፍኖ በሰምና ወርቅ ይሄዳል። ተማሪ አዝማሪ ቤት ይሂድ አላልሁም፤ ወላጆች አትደንግጡ። አጎቴ ነው የነገረኝ። የእኔ አሳብ ያለው በዚያች «ተቀበል» በምትባል አንዲት ቃል ላይ ነው።

ቫዮላ ስፖሊን የምትባል አሜሪካዊት መምህርት በቺካጎ ከተማ ከልዩ ልዩ አገር ለመጡ ስደተኞችና ለድኾች ልጆች የቴአትር ጨዋታ ታስተምር ነበር። ልጆቹ ቋንቋው ገና ያልጠናላቸውና በሰው ፊት መናገር የሚፈሩ ስለ ነበሩ፥ የተጻፈ ቴአትር ከመስጠት ይልቅ ጨዋታ እየፈጠረች ሰጠቻቸው። ልጁ ጨዋታውን ሲያስብ ፍርሃቱን ይረሳል። ጨዋታዎቿንም ሰብስባ እ.ኤ.አ. በ1963 በመጽሐፍ አወጣቻቸው፤ ዛሬ በብዙ አገር የድንገት ቴአትር የሚያስተምሩ ሰዎች ከርሷ የተማሩ ናቸው። እነዚህ ሰዎች የሚመሩበት ዋና ሕግ ጓደኛህ የሰጠህን አትጣልበት፥ ተቀብለህ ጨምርበት የሚል ነው። ጓደኛህ «ይኸው ዝናብ መጣ» ካለህ «የምን ዝናብ፥ ፀሐይ ነው» አትለውም፤ ጃንጥላ ትዘረጋለህ። አዝማሪዎቻችን ይህን ሕግ ከማንም ሳይማሩ ባንድ ቃል ጠቅልለውታል።

ወዲህ ግን ያ ሁሉ የሰፈር ጨዋታ ተበትኗል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ሥራ የካዛንቺስ ብዙው ክፍል ፈረሰ፤ ፈንዲቃም ከነበረበት ተነሣ፤ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላም ስፍራ ተዛወረ። ስለ ልማቱ ጥቅምና ጉዳት መከራከር የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም። መንገዱ ሰፍቷል፥ መብራቱም አምሯል፤ ይህን ዐይኔ ያያል። ደግሞም ዐይኔ ያየው ሌላ ነገር አለ።

አያቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ በአንድ ግቢ ከአምስት ጎረቤቶች ጋር ኖራ በዚያው ዓመት ወጣች። አዲሱ ቤት ውኃ ከውስጥ አለው፤ መጸዳጃው የግል ነው፤ ጣራው አያፈስም። እርሷም ቤቱን አትነቅፈውም። «ቤቱስ ደግ ነው፤ የሚያጫውተኝ ሰው ነው የሌለው» ትላለች። ቀድሞ ቡና ሲፈላ በቀን ሦስት ጊዜ ይጠራሩ ነበር፤ አንዷ ስትተርብ ሌላዋ ስትመልስ፥ ሙሾ የምታወርደው እትዬ ደግሞ በሰርግ ጊዜ ያንኑ አንደበቷን ለዘፈን ስታውለው፥ የግቢው ሴቶች ምላስ ቀን ከሌት ሲሳል ይውል ነበር። ያ ሲቀር አያቴ ዝም አለች። ስም መርሳትም ጀመረች። እናቴ «እርጅና ነው» ትላለች፤ ይሆናል። እኔ ግን እሑድ እሑድ ስሄድ «እንካ ስላንትያ» እላታለሁ። መጀመሪያ ቀን «ሂድ ወዲያ» አለችኝ። በሦስተኛው እሑድ «በሽሮ!» ብላ ራሷ ጀመረች፤ ሽሮዬን እንዴት እንዳሳረርሁ ሰፈር ሁሉ የሚሰማው ግጥም አወጣችልኝ። ስሞቹን አሁንም ትረሳለች። ነገር ግን ያን ቀን አመሻሹን ሙሉ ስትናገር ዋለች፤ የድሮ ጎረቤቷንም አስደውላ በስልክ ሁለቱ ሲሰዳደቡ ሰማኋቸው።

ይህን የመሰለው ነገር የእኛ ቤት ብቻ አይደለም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የሊቃውንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ፥ በእርጅና ጊዜ አእምሮን የሚያደክመውን የመርሳት በሽታ ሊያመጡ ከሚችሉና ሰው ሊያሻሽላቸው ከሚቻሉ ዐሥራ አራት ምክንያቶች አንዱ ከሰው ተለይቶ መኖር መሆኑን ጽፏል። ሁሉም ቢታረሙ ከበሽታው ግማሽ ያህሉን ማስቀረት ወይም ማዘግየት ይቻል ይሆናል ይላል። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2003 በኒው ዮርክ ከ75 ዓመት በላይ የሆኑ 469 ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ለዓመታት ተከታትለው ሲታዩ፥ የሚያነቡት፥ በገበታ ላይ የሚጫወቱት፥ የሙዚቃ መሣሪያ የሚመቱትና የሚደንሱት በመርሳት በሽታ የተያዙት ከሌሎቹ ባነሰ ቍጥር ነበር። በቺካጎም ከ2010 ጀምሮ የአንድ ቴአትር ቤት ሰዎችና የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ተባብረው፥ በሽታው ገና የጀመራቸውን ሰዎች ሰብስበው የድንገት ቴአትር ያጫውቱ ነበር። የተመረጠበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ የድንገት ጨዋታ ትናንት የተጠናን ነገር አስታውስ አይልም፤ አሁን ያለውን ብቻ ይጠይቃል። ለሚረሳ ሰው ከዚህ የሚስማማ ቴአትር ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ ሚዛኑን መጠበቅ ይገባኛል። የሚጫወት ሰው ጤነኛ ሆኖ መገኘቱ ጨዋታው ጤነኛ አደረገው ማለት ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ጤነኛ ስለ ሆነም ይጫወት ይሆናል። ከጠቀስኋቸውም ጥናቶች አንዳንዶቹ በጥቂት ሰው የተደረጉ ናቸው። ስለዚህ ጨዋታ መድኃኒት ነው አላልሁም። እንቅልፍ የነሳው፥ ሳምንታት ሙሉ የከፋው፥ ራሱን ሊጎዳ የሚያስብ ጓደኛ ያለው ሰው ግጥም ከመግጠም በፊት ለሚያምነው ለዐዋቂ ሰው ይንገር፤ ሐኪምም ይፈለግለት። በከተማችን የአማኑኤል ሆስፒታል ለዚሁ ሥራ የቆመ ነው፤ እዚያ መሄድም ነውር አይደለም። ጨዋታ የሚያገለግለው እንደ እግር ጉዞና እንደ እንቅልፍ ነው፤ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት።

ሌላው የምሰማው ተቃውሞ እንካ ስላንትያ ስድብ ያስተምራል የሚል ነው። ይህ እውነት አለበት። የሰውን መልክ፥ የወላጅን ሥራ፥ የትውልድን ነገር እያነሡ የሚያሳዝኑ አሉ፤ እኔም አልወደውም፤ ሰው ካስለቀሰ ጨዋታ መባሉ ይቀራል። መፍትሔው ግን ጨዋታውን መከልከል ሳይሆን ሕግ ማውጣት ነው። ሰውነትን፥ ቤተሰብንና ዘርን መንካት አይቻልም፤ መንካት የሚቻለው ሰውዬው በዚያች ሰዓት የሚያደርገውን ብቻ ነው፤ የተነካውም ልጅ «በቃ» ካለ በቃ ነው። ይህ ሕግ ጨዋታውን ያከብደዋል፥ ስለዚህም ያሳምረዋል፤ የሰውን አፍንጫ መስደብ ማንም ይችላልና።

ዝምተኞቹስ? እነርሱን ማስገደድ አይገባም። በመጀመሪያው ሳምንት ተቀምጠው ይስሙ፤ በሁለተኛው «በምንትያ?» የምትለውን ብቻ ይመልሱ። በምንትያ ለማለት ማንም አይፈራም፤ እርሷን ያለ ሰው ደግሞ በጨዋታው ገብቷል።

እንግዲህ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። ትምህርት ቤታችን ዐርብ ዐርብ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ግማሽ ሰዓት ይፍቀድልን። ማርክ አይሰጥበት፤ ማርክ የገባበት ነገር ሁሉ ሽምደዳ እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ በሁለተኛው ሳምንት የእንካ ስላንትያ መልስ የታተመበት ወረቀት ፎቶ ኮፒ ቤት ይሸጣል። ተመልካችና ተጫዋች ተብሎም አይከፈል፤ ሁሉም በክብ ይቁም፤ መምህሩም ጭምር። አንድ ቀን እንካ ስላንትያ ይሁን። ሌላ ቀን አንዱ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ እየተናገረ ተረት ከእጅ ወደ እጅ ይዙር። በሌላውም ቀን የትልልቅ ሰው ዕቃቃ እንጫወት፤ አንዱ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ፥ ሌላው «ነገ ተመለሱ» የተባለ ባለ ጉዳይ፤ አንዱ የታክሲ ረዳት፥ ሌላው መልስ ያልተመለሰለት ተሳፋሪ ይሁን። ከገላን ጉራ ድረስ በሁለት ታክሲ የሚመጡት ጓደኞቻችን በዚህኛው እንደሚበልጡን ከወዲሁ እገምታለሁ፤ ረዳቶቹን በየቀኑ ያጠኗቸዋልና።

ወላጆችንም የምለምነው ከዚህ ያነሰ ነው። ቡና ሲፈላ ቴሌቪዥኑ ለአንድ ሰዓት ይዘጋ፤ ስልኮቹም ከረከቦቱ ራቅ ብለው ይቀመጡ። አያቶች ያላችሁ በነርሱ ጀምሩ፤ ግጥሙን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

መምህራን ፈቃዳችሁ ከሆነ ለመጀመሪያው ዐርብ ቃል የሚሰጠን አንድ መምህር እንፈልጋለን። የሒሳብ መምህራችን ቢሆኑ እመርጣለሁ፤ በ«ሎጋሪዝም» ቤት የሚመታ ስንኝ ማን እንደሚያወጣ ማየት እፈልጋለሁ።